አልጌ የሚሞተው በረሃብ ነው

ጤና ይስጥልኝ። የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው አልጌ ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። መፋቂያ ያነሳል፣ ውሃ ይቀይራል፣ መብራት ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ዛሬ የመጣሁት አልጌን ሆን ብሎ፣ ለጌጥ ብሎ ስለማሳደግ ላወራችሁ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ የሚያሳድጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ታገሱኝ።

መጀመሪያ የትኛውን አልጌ እንደምል እንስማማ። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ዝልግልግ ማለቴ አይደለም። ድንጋይ ላይ የሚንጨባረረውንም አይደለም። የማወራው ቅጠልና ቅርንጫፍ የመሰለ አካል ስላላቸው፣ በእጅ ይዘን ልንተክላቸው፣ በመቀስ ልንከረክማቸው ስለምንችል ትልልቅ የባሕር አልጌዎች ነው። ማክሮአልጌ ይባላሉ።

"የመሰለ" ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እውነተኛ ቅጠል የላቸውም። ሥርም የላቸውም። ከታች በኩል ሥር የሚመስለው ነገር በአብዛኞቹ ላይ ድንጋይ ቆንጥጦ መያዣ ብቻ ነው። ካውለርፓ የተባለውን አረንጓዴ አልጌ የመሰሉ ጥቂቶች ከአሸዋም ይስባሉ። የቀሩት ግን ምግባቸውን የሚወስዱት በመላ አካላቸው፣ በዙሪያቸው ካለው ውሃ ነው። ይህን ያዙልኝ። ቀሪው ወሬዬ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ አረንጓዴ፣ ቀይና ቡናማ። አረንጓዴዎቹ የምድር ዕፅዋት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ቀዮቹ ራቅ ይላሉ። ቡናማዎቹ ደግሞ ጭራሽ ከሌላ የዘር ሐረግ የመጡ ናቸው። አንድ ድንጋይ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ተክላችሁ ስታዩ እጅግ የተራራቁ ፍጥረታትን ነው አንድ ላይ ያኖራችሁት።

ነገሩ የትናንት ፋሽን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከባሕር ዳር ኮራል ይዛ ወደ ለንደን ሄደች። የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ውሃው አየር እንዲያገኝ ከዕቃ ወደ ዕቃ በእጅ ይገለበጥ ነበር። በኋላ የባሕር አልጌ ጨመረችበት፤ እንስሳቱም ቆዩላት። እኛ ዛሬ ጠላት የምንለውን ነገር እሷ እንደ ማሽን ነው የተጠቀመችበት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

አንድ ሰው ደስ የሚል ቀይ አልጌ ያመጣል። መጀመሪያ ላይ ያምራል። ቀስ እያለ ቀለሙ ይደበዝዛል። ከዚያ ጫፉ ይነጣል፣ ይላላጣል፣ ይበሰብሳል። ሰውየው ምን ያደርጋል? ውሃው ቆሽሾ ነው ብሎ ውሃ ይቀይራል። ስኪመሩን፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማሽን ያበረታል። ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ ይጨምራል። በረሃብ ለሚሞት ፍጡር ማዕዱን አነሳበት ማለት ነው።

ለኮራል ተብሎ ከምንገዛው ዕቃ ብዙው የተሠራው ናይትሬትንና ፎስፌትን ከውሃ ለማውጣት ነው። ለአልጌ እነዚህ ቆሻሻ አይደሉም፤ ምግብ ናቸው። ከዓሣ የሚወጣው፣ ከመኖ የሚተርፈው፣ የሚበሰብሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ነው የሚለወጠው። አልጌ ያለበትን ውሃ እንደ ኮራል ውሃ ካጣራችሁት አልጌው ጾሙን ያድራል።

ቁጥር ለምትፈልጉ፤ ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊግራም ቢሆን ለአብዛኞቹ ይስማማል። መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ደስ አይበላችሁ። ሁለቱም ዜሮ በሆኑበት ውሃ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ዝልግልግ ነው። እሱን ማጥፋት ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው።

አንድ ስሌት ልጨምር፤ ከዚህ በኋላ በስሌት አላስቸግራችሁም። እ.ኤ.አ በ1983 አትኪንሰንና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በባሕር ወለል ላይ የሚበቅሉ አልጌዎችንና ሣሮችን መረመሩ። ያገኙት ማዕከላዊ መጠን ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 30 የናይትሮጅንና 550 የካርቦን አቶም ነው። ውሃ ላይ ለሚንሳፈፉት ጥቃቅን አልጌዎች የሚታወቀው የሬድፊልድ ስሌት ግን ለአንድ ፎስፈረስ 16 ናይትሮጅን ነው። ወደ መለኪያ ኪታችን ስንመነዝረው፣ ማክሮአልጌ 1 ሚሊግራም ፎስፌት ሲወስድ ወደ 20 ሚሊግራም ናይትሬት አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሬት ነው። ናይትሬቱ ዜሮ ሆኖ ፎስፌቱ ከፍ ብሎ ስታዩ "ፎስፌት በዛ" ብላችሁ ወደ ማጣሪያ አትሩጡ። ናይትሬት አምጡ። ፎስፌቱን አልጌው ራሱ ይበላዋል።

እንዴት ይመጣል? ቀላሉ መንገድ ዓሣዎቹን ጠገብ አድርጎ መመገብ ነው። አንድ ሁለት ዓሣ መጨመርም ይረዳል። ይህ ካልበቃ ሶዲየም ናይትሬት አለ። 100 ሊትር ውሃ ላይ ናይትሬትን በሊትር 5 ሚሊግራም ከፍ ለማድረግ 0.7 ግራም ገደማ ይበቃል። በንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ ፍሰት ያለበት ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩት። በማግስቱ ለኩ። ሶዲየም ናይትራይት የሚባል ሌላ ጨው አለ፤ ስሙ ቢቀራረብም እሱን አትንኩት።

ብረትም ያስፈልጋቸዋል፣ ግን በጣም ትንሽ። በየጊዜው ውሃ የሚቀይር ሰው ብዙውን ከጨው ቅልቅሉ ያገኘዋል። የአረንጓዴዎቹ አዲስ እድገት ገርጥቶ ከወጣ፣ ናይትሬቱም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ብረት ሞክሩ። አምራቹ ካለው መጠን ግማሹን።

እኔ ግን ከኪቱ በፊት የማየው ግራሲላሪያን ነው። ይህ ቀይ አልጌ ሲጠግብ ቀለሙ የጠቆረ ቀይ ነው። ናይትሮጅን ሲያጣ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ገለባ ቀለም ይሄዳል። ምክንያቱ ደስ ይላል። ፋይኮኤሪትሪን የተባለው ቀይ ቀለሙ ራሱ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን አለ። አልጌው ሲርበው ቀለሙን አፍርሶ ይመገበዋል። ምግብ ሲመለስ ቀለሙም ይመለሳል። መገርጣትና መሞት ግን ይለያያሉ። ጣታችሁን አስነኩት። ገርጥቶ ጠንከር ካለ ርቦት ነው። ጣት ሲነካው እየሟሸሸ የሚቀር ከሆነ አልቆለታል። የሞተውን ክፍል ቶሎ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ጤነኛውን አትጣሉ።

መብራት ላይ ብዙ አልቆይም። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት በቂ ነው። ወደ ነጭ የሚያደላ፣ 6500 ኬልቪን አካባቢ ያለ መብራት ቀለማቸውን በደንብ ያወጣዋል። ለኮራል የሚሆነው ደማቅ ሰማያዊ ያሳድጋቸዋል፣ ግን ቀዩ ሁሉ ጥቁር መስሎ ይታያል። ያኔ ማሳደጉ ለማን ነው? ቀዮቹ ከአረንጓዴዎቹ ያነሰ ብርሃን ይበቃቸዋል። በባሃማስ አካባቢ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ድንጋይ ለብሶ የሚኖር ቀይ አልጌ ተገኝቷል። ፀሐይ እዚያ ስትደርስ ጭላንጭሏ ነው የቀረው። ስለዚህ ቀዮቹን ከጥላ በኩል፣ አረንጓዴዎቹን ከላይ አድርጉ።

የውሃ ፍሰት ግን ሰዎች የሚንቁት ነገር ነው። በእያንዳንዱ አልጌ ገላ ላይ ስስ የቆመ ውሃ ይለጠፋል። ምግብ ያንን ሽፋን አቋርጦ የሚያልፈው በዝግታ ነው። ፍሰት ሲኖር ሽፋኑ ይሳሳል፣ አልጌው ይጎርሳል። ናይትሬት ሞልቶ አልጌ ሲራብ ካያችሁ ፓምፑን ፈትሹ። መላ አካሉ ሳያቋርጥ ቢወዛወዝ ጥሩ ነው። ታጥፎ ተኝቶ የሚቀር ከሆነ ግን በዝቶበታል። ፍሰቱ አቧራና ቆሻሻ ላዩ ላይ እንዳይተኛበትም ይረዳል።

ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ አንጻር በሚለካ ጥግግት) ከ1.024 እስከ 1.026 ይሁን። ውሃው ከክሎሪንና ከመዳብ የጸዳ ይሁን። በተለይ መዳብ ያለበትን የዓሣ መድኃኒት እዚያ ውሃ ውስጥ አታስገቡ። በቃ፣ ይህን ካሟላችሁ ወደ ውበቱ እንሂድ።

ለጀማሪ ኬቶሞርፋን እሰጠዋለሁ። የተጠላለፈ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚመስለው አረንጓዴ ነው። እውነቱን ለመናገር ከጌጥነቱ ሠራተኛነቱ ይበልጣል። የትም አይጣበቅም፣ በአንድ ጊዜ ተነስቶ አይሞትም፣ ሲበዛ በእፍኝ ዘግኖ ማውጣት ነው። ከዋናው አኳሪየም ጋር ውሃ በሚጋራ፣ ሪፊውጂየም በሚባል ተጨማሪ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣችሁ መብራቱን ማታ ማታ ብታበሩለት ሌላም ጥቅም አለው። አልጌ በብርሃን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ የውሃው ፒኤች ሌሊት እንዳይወርድ ይደግፈዋል።

ለዓይን ከሆነ ቀዮቹን የሚያህል የለም። ሃሊሜኒያ ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ከቀይ እስከ ብርቱካናማ የሚንቦገቦግ ነው። ቦትሪዮክላዲያ ትንንሽ ቀይ የወይን ፍሬ የሚመስሉ ከረጢቶች አሉት፤ ውስጣቸው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ኦክቶደስ ደግሞ ከአንድ አቅጣጫ ስታዩት ሰማያዊ ያብለጨልጫል። ሃሊሜኒያ ከሦስቱ ቀበጡ እሱ ነው። ረሃብን ጨርሶ አይችልም። ግራሲላሪያችሁ ጠቁሮ ጠግቦ ሳታዩ ሃሊሜኒያ አታምጡ።

ከአረንጓዴዎቹ የእኔ ምርጫ ሃሊሜዳ ነው። ሳንቲም ሳንቲም የሚያህሉ ጠፍጣፋ ክፍሎች እየተቀጣጠሉ የሚያድግ ነው። አካሉ ውስጥ ኖራ ያስቀምጣል። ከምታደንቁት የሞቃት ባሕር ነጭ አሸዋ ብዙው ከሞተ ሃሊሜዳ ፍርፋሪ የመጣ ነው። ስለዚህ ካልሲየም ይፈልጋል፤ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ዲኬኤች በተባለው መለኪያ ከ8 እስከ 10 ይሁን። አንድ ሌሊት መብራት ከጠፋ በኋላ በባትሪ እዩት። ጫፉ ላይ አዲስ ክፍል ይወጣል፤ ወረቀት የመሰለ ነጭ፣ ለስላሳ። አረንጓዴው ገና አልገባበትም። ሊነጋጋ ሲል ክሎሮፕላስቶቹ፣ ማለትም አረንጓዴውን ቀለም የያዙት ጥቃቅን የሴል ክፍሎች፣ ከታች ተነስተው ወደ አዲሱ ክፍል ይገባሉ፤ ጠዋት መብራት ሲበራ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሌሊት ያለ አረንጓዴው የሚወጣው አልጌ በሊታ ዓሣዎች በሚተኙበት ሰዓት መሆኑ ደግሞ ብልጠት ነው።

ሃሊሜዳ፣ ካውለርፓ፣ አሴታቡላሪያ፤ እነዚህ ሁሉ ለማመን የሚከብድ ነገር አላቸው። አንድ ሴል ናቸው። ካውለርፓ ከአንድ ሜትር በላይ ይሳባል፣ ቅጠል የመሰለ ያወጣል፣ ሁሉም ግን አንድ ሴል ነው፤ ኒውክሊየሶቹ ብቻ ናቸው የበዙት። አሴታቡላሪያ ደግሞ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመች ትንሽ ጃንጥላ ናት። አንዷ ኒውክሊየስ ከታች መያዣው ውስጥ ትቀመጣለች። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዮአኪም ሄመርሊንግ እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ የአንዱን ዝርያ ዘንግ በሌላው መያዣ ላይ ተከለ። በመጨረሻ የበቀለው ጃንጥላ የኒውክሊየሱ ባለቤት የሆነውን ዝርያ መሰለ። የዘር መረጃ ኒውክሊየስ ውስጥ መሆኑን ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። ሳሎን ውስጥ የምታስቀምጡት ጌጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲኖረው ደስ አይልም?

አንድ ሴል መሆን ግን ጣጣ አለው። ካውለርፓ አንዳንዴ አካሉን በሙሉ ወደ መራቢያ ሴል ይለውጣል። ምልክቱ የሚታይ ነው። አረንጓዴው እኩል መሰራጨቱን ትቶ መረብ መረብ ይሠራል፣ በመሃሉ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። በማግስቱ ጠዋት ውሃው አረንጓዴ ጉም ይሆናል። ካውለርፓው ባዶ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ሲበሰብስ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ዓሣዎች ወደ ላይ ወጥተው ሲያለከልኩ ልታዩ ትችላላችሁ። መረቡን ያያችሁ ዕለት ያንን ክፍል አውጡ። ውሃው አረንጓዴ ጉም ከሆነ አየር ፓምፕ፣ ስኪመር፣ አክቲቭ ካርቦን (የማጣሪያ ከሰል)፣ ውሃ መቀየር፣ ሁሉንም በአንዴ። እያሰለሱ መከርከም ይህን ያርቀዋል።

ስለ መከርከም ካነሳሁ፣ ካውለርፓን በመቀስ አትቆራርጡት። አሸዋ ላይ የሚሳበውን ግንድ በጣት ተከትላችሁ ከነመያዣው ቀስ ብላችሁ ንቀሉት። ቁስሉን በፍጥነት ይደፍናል፣ ግን ብዙ ቦታ ከተቆረጠ ውስጡ ያለው ይፈሳል። የወደቀው ቁራጭ ሁሉ ደግሞ አዲስ ካውለርፓ ይሆናል። ቀዮቹን ግን በስለታም መቀስ ከቅርንጫፉ መገናኛ በላይ ቁረጡ። መከርከም ለቅርጽ ብቻ አይደለም። የላይኛው ሲበዛ የታችኛው ብርሃንና ፍሰት ያጣል፣ ከሥሩ ይበሰብስና ሙሉው ተገንጥሎ ይንሳፈፋል። እርሻው ያማረ መስሏችሁ ዝም ስትሉ ነው ይህ የሚሆነው።

ሲተከል፣ ለቀዮቹ ትንሽ የድንጋይ ቁራጭና ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ እጠቀማለሁ። የአልጌውን ግርጌ በወረቀት ጠረግ ማድረግ፣ ድንጋዩ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጄል፣ ግርጌውን እዚያ ላይ ጫን፣ ከዚያ ወዲያው የጨው ውሃ ውስጥ። እርጥበት ያደርቀዋል። ለግራሲላሪያ የጥጥ ክር ይበቃል። ክሩ እስኪበሰብስ አልጌው ራሱ ይይዛል። ከመትከላችሁ በፊት ግን በነጭ ሳህን ላይ የጨው ውሃ አድርጋችሁ አራግፉት። የሚፈተለኩት ትንንሽ ሽሪምፕ መሳይ አምፊፖዶች ናቸው፤ ይግቡ፣ አልጌው ላይ የሚለጠፈውን ይለቅማሉ። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ኳስ ካያችሁ ግን ቫሎኒያ የተባለው ተዛማች አልጌ ነው። ሳታፈነዱ ነቅላችሁ ጣሉት።

የዓሣ ምርጫ አጭር ነው። ታንግና ራቢትፊሽ የሚባሉት አልጌ በሊታ ናቸው፤ እርሻችሁን በአንድ ቀን ያጸዱታል። የባሕር ጃርትም እንዲሁ። የባሕር ፈረስ፣ ካርዲናል፣ ጎቢ ግን ይስማማሉ። የባሕር ፈረስ እንዲያውም ጭራውን የሚጠመጥምበት ያገኛል። ድንጋይ ላይ የሚወጣውን ስስ አልጌ ትሮከስ ቀንድ አውጣ ይግጥላችኋል። ኤሊሲያ ስለምትባለው ዛጎል የሌላት ባለ አረንጓዴ ቀንድ አውጣ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ካውለርፓን የመሰሉ አልጌዎችን ወግታ ውስጣቸውን ትመጥጣለች፤ ክሎሮፕላስቶቹን ሳትፈጭ ቆዳዋ ውስጥ ለሳምንታት ታኖራቸዋለች። ድንቅ ናት፤ ግን የምትበላው የእናንተን ጌጥ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ነገር የተከረከመው የት ይሄዳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ውስጥ፣ አንድ ካሬ ሜትር የምታህል የካውለርፓ ታክሲፎሊያ ንጣፍ ታየች። የአኳሪየም ዝርያ ነበረች። በ1989 ከአንድ ሄክታር አለፈች፤ ከዚያ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ተዛመተች። በ2000 ይኸው ዝርያ ካሊፎርኒያ ውስጥ አጉዋ ሄዲዮንዳ በተባለ፣ ከባሕር ጋር በሚገናኝ ሐይቅ ተገኘ። ንጣፉን በፕላስቲክ ሸፍነው ክሎሪን ለቀቁበት። ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2006 ነው፤ ወጪውም ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ካሊፎርኒያ መጀመሪያ ዘጠኝ የካውለርፓ ዝርያዎችን ከለከለች፣ በኋላ ሁሉንም።

ስለዚህ ከካውለርፓ የተነቀለውን በፕላስቲክ ቋጥራችሁ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በፍሪዘር አቆዩት፣ ከዚያ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። ወደ ወንዝ፣ ወደ ባሕር፣ ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ አይደፋም። ያጠባችሁበት ውሃም እንዲሁ። ግራሲላሪያና ኡልቫ የተባለው የሰላጣ ቅጠል መሳይ አረንጓዴ አልጌ ግን አይጣሉም። ታንግ የሚያሳድግ ሰው ካወቃችሁ ስጡት፤ መስታወቱ ላይ በመቆንጠጫ ሰክቶ ይመግባቸዋል። ካውለርፓን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ግን ያላችሁበትን አገር ሕግ እዩ።